«መብራት»፣ «ኃይል»፣ «ዳታ»፤ ስለ አንድ ገመድ አሰያየም የቀረበ ትችት

በቴክኒክ ጽሑፎች ትርጕም ላይ የሚታየው ችግር የቃል እጦት ብቻ አይደለም፤ ተለይተው መጠራት የሚገባቸውን ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል ጠቅልሎ ማለፍም ነው። ይህንኑ በዩኤስቢ ገመድ ምሳሌነት ለማሳየት እንሞክራለን።

ከፎገራ ሜዳ፣ ከቁሐር ሚካኤል አካባቢ ገበሬዎች የሩዝ እርሻ ቃላትን በድምፅ ቀርጸን ወደ ወረታ በተመለስን ጊዜ፣ ቅጂውን ልናዛውርበት ያሰብነው ሃርድ ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያያዝ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠፋ ነበር። አንድ ወጣት ጠጋኝ መረመረውና «ጋሼ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ መብራት አንሶት ነው» አለን። ፍርዱ ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የዩኤስቢ 2.0 ደንብ መሠረት አንድ መሰኪያ በ5 ቮልት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፒር ነው፤ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ግን ከዚህ በላይ ሊፈልግ ይችላል። መፍትሔው ኃይሉን ከግድግዳ ሶኬት፣ መረጃውን ከኮምፒዩተሩ ማድረግ ነው።

ለዚሁ ሥራ ከአንድ ሱቅ ያገኘነው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የመመሪያ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ «የኃይል ሽቦዎቹን ቆርጠው የዳታውን ብቻ ያስቀሩ።» ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም፤ የታዘዘውን የፈጸመ ሰው ግን ገመዱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ቀዩ 5 ቮልት ያመጣል፣ ጥቁሩ መመለሻ ነው፣ ነጩና አረንጓዴው መረጃ ያመላልሳሉ። ሆኖም ጥቁሩ የኃይል ብቻ አይደለም፤ የመረጃው ምልክቶች ከፍታና ዝቅታ የሚለካውም ከእርሱ ተነሥቶ ነው። መቆረጥ ያለበት ቀዩ ብቻ ነው፤ እርሱ ካልተቆረጠ ከሶኬት የመጣው ኃይል ወደ ኮምፒዩተሩ ሊመለስ ይችላል። «ሽቦዎቹን» የሚለው የብዙ ቍጥር ጥቁሩንም ጨምሮ አስቈረጠ።

«ዳታ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ያሳስታል። በዛሬው ንግግር «ዳታ አለቀብኝ»፣ «ዳታ ዝጋ» ሲባል የሚታሰበው የስልክ ኢንተርኔት ነው። «መረጃ» ምንም እንኳ ሰፊ ፍች ቢኖረው ለዚህ የተሻለ ነው።

«መብራት»ስ? በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» ሆኖ ቀርቷል፤ ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ በኋላም ስሙ አልጠፋም። ሕዝቡ ኤሌክትሪክን ሁሉ በመጀመሪያ ጥቅሙ ጠርቶታል፤ ስለዚህ የወጣቱ አነጋገር ለጆሮ የቀና ነው። በጽሑፍ ግን አይጸናም። የዲስኩ ትንሽ አምፖል እየበራ ኃይሉ ሊያንሰው ስለሚችል፣ «መብራቱ በርቶ ሳለ መብራት አነሰው» ወደ ማለት ያደርሰናል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቀዩ «ኃይል ሰጪ ሽቦ»፣ ጥቁሩ «የጋራ መመለሻ ሽቦ»፣ ሁለቱ ደግሞ «የመረጃ ሽቦዎች» ቢባሉ ይሻላል። «የጋራ» የሚለው ቅጽል ለጌጥ አልገባም፤ ቈራጩን እጅ የሚያስቆመው እርሱ ነው። ተርጓሚም የመመሪያን ቃል ከማጽደቁ በፊት «አንባቢው ይህን ሲያነብ እጁ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ እንመክራለን። እኛም ይህን የተማርነው አንድ ገመድ ካበላሸን በኋላ ነው፤ የገበሬዎቹ ድምፅ የተረፈው ወጣቱ ሌላ ገመድ ወስዶ ቀዩን ብቻ ስለቈረጠ ነው።