የአሮጌ በገና ዕድሜና ዋጋ

ስለ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠቀሰው የክሬሞናው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ቫዮሊን ነው። በዚህ ባለሙያ ሥራ ሆድ ውስጥ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት የታተመበት ወረቀት ይገኛል፤ ዳሩ ግን ያው ጽሑፍ በፋብሪካ በተሠሩ እጅግ ብዙ ቫዮሊኖች ውስጥም ተለጥፎ ስለሚታይ ወረቀቱ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም በሚገኘውና የ1716 እ.ኤ.አ. ሥራ በሚባለው «መሲሕ» ላይ እንኳ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጥርጣሬ ተነሥቶ፣ የእንጨቱን የዕድገት ቀለበቶች እስከ መቁጠር ተደርሷል።

በገና ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ሠሪው ስሙን የመጻፍ ልማድ አልነበረውም፤ ባለቤቱም መሣሪያውን ለልጁ ሲያወርስ ታሪኩን የሚያኖረው በቃል ነው። ስለዚህ አንድ በገና «የእገሌ ደጃዝማች ነበረ» ተብሎ ሲቀርብ፣ ገዢው የሚከፍለው ለእንጨቱና ለቆዳው ሳይሆን ለወሬው ነው። በገና የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ መሆኑ፣ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩ እንደ ነበር መነገሩ ለዚህ ወሬ ሰፊ ሜዳ ሆኗል። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ንጉሥ ዳዊት በገና ይዞ በብራና መሣሉም የመሣሪያውን ዓይነት ጥንታዊነት ያስረዳል እንጂ፣ በእጅ ያለው አንድ በገና ጥንታዊ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱን ማምታታት በዚህ ረገድ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

መርማሪ ከጌጡ ይልቅ እጅ የነካውን ቦታ ማየት ይገባዋል። ምሰሶዎቹና ቀንበሩ በቅርጻ ቅርጽ ሊያጌጡ ይችላሉ፤ ቅርጹ ግን በጥቂት ቀን ሊቀረጽ፣ ጢስም ሊያጠቁረው ይችላል። ለመምሰል የሚያስቸግረው የአገልግሎት ዱካ ነው። ደርዳሪው አውታሩን የሚመታው በግራ እጁ ጣቶች ሲሆን፣ ቀኝ እጁ መሣሪያውን ይደግፋል። ስለሆነም ለብዙ ዘመን የተደረደረ በገና የሚያረጀው ሳይመጣጠን ነው፤ እጅ ያረፈበት ሲለሰልስ ሌላው ሻካራ እንደ ሆነ ይቀራል፤ አውታሩ በተጠመጠመበት ቦታም ቀንበሩ ይሰረጉዳል። ዙሪያውን እኩል ያረጀ በገና ያጠራጥራል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው በርኩማው ነው። በበርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ በርኩማውን ነካ ለቀቅ እያደረገ እንዲርገበገብ የምታደርገው፣ ለበገና ያን የሚነዝር ድምፁን የምትሰጠው እርሷ ናት፤ ቦታዋ በጥቂቱ ከተዛነፈ ድምፁ ይበላሻል። እንዚራ ያልተሰናዳለት በገና ምንም ያህል ቢያምር የግድግዳ ጌጥ ነው። በጣት ሲደረደር ከአሥሩ አውታሮች የሚመቱት ስድስቱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያነት ያገለግላሉ፤ በድሕንጻ ሲደረደር ግን አሥሩም ይመታሉ። እንግዲህ በበርኩማው ገጽ ላይ የቀረው ዱካ ባለቤቱ በምን ይደረድር እንደ ነበር ሳይቀር ሊጠቁም ይችላል።

ጥንት ከበግ አንጀት ይፈተል የነበረው አውታር ዛሬ በአመዛኙ በናይለን ተተክቷል። ይህ ብቻውን የበገናውን አዲስነት አያስረዳም፤ አውታር ይበጠሳል፣ ይለወጣልም። ጥፋቱ የሚደርሰው ሻጩ ዋጋ ለማስጨመር ሲል ምሰሶውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባው፣ የተበላውን በርኩማ ጥሎ አዲስ ሲያስገባ ነው። ሊያስከብረው የሚችለውን ምስክር በገዛ እጁ ያጠፋል፤ ገዢውም ንጹሕ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ቅርጽ ከበዛበት ነገር ግን ካልተደረደረ በገና ይልቅ፣ ጌጥ የሌለውና በርኩማው የተበላው በገና ሊበልጥ ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ነገር ግን በኬላው ላይ የቆመ ሠራተኛ የገበያውን በገና ከቅርሱ የሚለይበት ዕውቀት ካልተሰጠው አዋጁ ምን ያደርግለታል? ይህ ዕውቀት ያለው በደርዳሪዎች ዘንድ ነው። ዓለሙ አጋ ሙያውን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እንደ ተቀበሉ ሁሉ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የመጣ ነው። ስለሆነም ግምት በሚሰጥበት ጉባኤ ከታሪክ ባለሙያው አጠገብ ደርዳሪ ሊቀመጥ ይገባል።

አሮጌው በገና እንደገና ይወጠር ወይስ አይወጠር የሚለው ክርክር ግን ቀላል አይደለም። የአሥር አውታር ውጥረት የደከመ ቆዳ ሊቀድ፣ የተሰነጠቀ ምሰሶ ሊያጎብጥ ይችላል፤ ያልተወጠረ በገና ደግሞ ድምፁን ማንም አይሰማውም። አካሉ ለሚችል በገና የሚሻለው አስቀድሞ ልኩን መመዝገብና ፎቶግራፍ ማንሣት፣ አሮጌውን በርኩማና እንዚራዎቹን በከረጢት አድርጎ ከመሣሪያው ጋር ማኖር፣ ከዚያም በአዲስ በርኩማ ላይ አላልቶ ወጥሮ ደርዳሪ እንዲሞክረው መስጠት ነው።