በስፌት መኪና ላይ የተነበበ ልቦለድ

የማነብበት ጠረጴዛ የእናቴ ሲንጀር የስፌት መኪና ነው። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ መኪናውን አጥፋ ወደ ሆዱ ታስገባውና ክዳኑን ትዘጋዋለች፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ነው። ክፍሉን ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ጋር ነው የምጋራው። እነሱ አጎበር ውስጥ ገብተው ሲተኙ እኔ ከውጭ ቀርቼ የሐዋሳን ቢምቢ በአንድ እጄ እየመታሁ በሌላው ገጽ እገልጣለሁ። መብራት ከጠፋ የስልኬን ባትሪ አበራለሁ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ መጽሐፍ ቅዱሴ፣ የ12ኛ ክፍል መጻሕፍቴ፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ ሽፋኑ በፕላስተር የተያዘ አሮጌ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ።

«ከእነሱ ሥር» ያልኩት በምክንያት ነው። የወጣት ኅብረታችን የጸሎት ተራ እኛ ቤት በደረሰ ቀን ልቦለዱን ከፊዚክሱ ሥር ደበቅሁት። የከለከለኝ ሰው የለም። ግን «መጽሐፍ ቅዱስን ሳትጨርስ ዓለማዊ መጽሐፍ?» የምትለዋን ጥያቄ ሁላችንም እናውቃታለን፤ ለመመለስም አልተዘጋጀሁም ነበር። ይህን የምጽፈው ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ለመናገር ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን ሳናነበው «የፍቅር ታሪክ» መሆኑን እናውቃለን፤ በዛብህ የድሃ ልጅ፣ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ መጨረሻው መቃብር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከፍቅሩ በፊት የሚመጣው ስለት። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ልጇ በሕይወት እንዲኖርላት ብላ ለእግዚአብሔር ትሳላለች፤ ልጁ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል። ቃሉን የሰጠችው እሷ ናት፤ የሚከፍለው እሱ ነው። አድጎ ተምሮ፣ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ ቤት ሲገባ፣ በመካከላቸው የቆመው የፊታውራሪ የዘር ኩራት ብቻ አይደለም። ያ የእናቱ ቃል አብሮት ገብቷል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችን «ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ስለት የለም» ብለን ልናልፍ እንችላለን። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ አልፌ ነበር። ግን እኛ ቤት ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ የሰማሁት ቃል አለ፤ ሕፃን ሆኜ በጠና ታምሜ እናቴ «ካተረፍክልኝ ለአገልግሎት ሰጥቼሃለሁ» ብላ ጸልያለች። ይህንን ምስክርነት በጉባኤ ፊት ቆማ ስትናገር እኔ ከመዘምራን መካከል ቆሜ ሰምቻታለሁ። ሰዉ «አሜን» ይላል፣ ወደ እኔ እያየ። እኔ ደግሞ ምሕንድስና ማጥናት እፈልጋለሁ። ስለትን ስሙን ቀይረን «ለጌታ መስጠት» ብንለው ልጁ ትከሻ ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል ወይ? እኔ አልቀነሰልኝም።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር ጎን ለጎን አነበብሁት። ሐናም ተስላለች፤ 1ኛ ሳሙኤል 1 ላይ። ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ሴሎ ወስዳ ለኤሊ ሰጥታዋለች። ልዩነቱ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። እግዚአብሔር ሳሙኤልን በስሙ ይጠራዋል፤ ልጁም ደጋግሞ ወደ ኤሊ ሮጦ በመጨረሻ ራሱ «ተናገር» ይላል። የእናቱ ስለት እስከ በሩ አደረሰው፤ መልሱን የመለሰው ግን ራሱ ነው። በዛብህ ያጣው ይህንን ምዕራፍ 3 ይመስለኛል። ሌሎች ሰዎች ስለ እሱ ቃል ይገባሉ፣ ይወስናሉ፣ ይከለክላሉ፤ እሱን በስሙ ጠርቶ የጠየቀው አላየሁም። ደራሲው የቄስ ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክህነት ትምህርትም ተምረዋል። ለዚህ ይመስለኛል ትችታቸው ከውጭ እንደሚወረወር ድንጋይ የማይሆነው፤ የሚወዱትን ቤት ጓዳ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። ጉዱ ካሳ ሲናገር እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አንዳንዴ ንግግሩ ስብከት ይሆንና (ስብከት መስማት ለለመድን ለእኛ እንኳ) ይረዝማል። ፊታውራሪ ባላገሩን ሊቀጡ ዘምተው ራሳቸው የሚማረኩበት ክፍል ግን ወንድሞቼን እስክቀሰቅስ አስቆኛል። ትልቁ ቅሬታዬ ሰብለ ወንጌል ናት። ስሟ የወንጌል ፍሬ ማለት ነው፤ የምትማር ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለን አንባቢዎች ሁላችን የምናውቀውን ነገር፣ በር ዘግቶ ብቻን ከመጽሐፍ ጋር መቀመጥን፣ በእሷ ላይ ማየት ፈልጌ ነበር። መምህሯ ከወጣ በኋላ ምን ታነብ ነበር? ስታነብ ምን ታስብ ነበር? ደራሲው እሷን በፍቅሯ እንጂ በንባቧ የፈለግሁትን ያህል አላሳዩኝም።

ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት ማታ እናቴ ስፌቷን አቋርጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጽሐፉን አየችው። «ይህንን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቼዋለሁ» አለች፤ እኔ ደብቄው ስኖር ለካ እሷ ከእኔ በፊት ታውቀዋለች! ስለ ስለቱ ያለውን ክፍል በስልክ ባትሪ አነበብሁላት። ስጨርስ «እማዬ፣ ልጁን ሳይጠይቁት ቃል መግባት ልክ ነው?» አልኳት። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ቶሎ አልመለሰችም። «በውድነሽ አትፍረድባት» አለች በመጨረሻ። «ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን ታቅፈህ አላደርክም። ያን ሌሊት ሰው ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ የራሱ ያልሆነውንም ጭምር።»

ይህንን እኔ በንባቤ አላየሁትም ነበር። ውድነሽን ልጇ ላይ ቀንበር የጫነች ሴት አድርጌ ብቻ ነበር የያዝኋት፤ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና አነበብኳት።

መብራቱ ሲመጣ እናቴ ተነሥታ የመኪናውን ክዳን ከፈተች፤ ለእሁድ የሚደርስ የመዘምራን ልብስ ነበረባት። መጽሐፉን አንስቼ መስኮቱ ላይ መለስኩት፣ በዚህ ጊዜ ከላይ። «ምሕንድስና ያልከው ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው?» አለችኝ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያስገባች።