እንግዳው ማን ነው? በባህል መላመድ ጭንቀት መለኪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከአገሩ ውጭ የሚማር ወጣት የሚደርስበትን የባህል መላመድ ጭንቀት ለመለካት በሰፊው ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ሳንዱና አስራባዲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ያዘጋጁት ነው። በ36 ዐረፍተ ነገሮች መድልዎን፣ ናፍቆትን፣ ጥላቻን፣ ፍርሃትን፣ ከለውጥ የሚመጣ መደናገርንና ጸጸትን ይመረምራል። ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚቀርበውም ዚሜትና ባልደረቦቹ በ1988 ያወጡት ባለ12 ጥያቄ የማኅበራዊ ድጋፍ መለኪያ ሲሆን፣ ድጋፍን ከቤተሰብ፣ ከጓደኛና ከ«ልዩ ሰው» ይቆጥራል።

የመጠይቆቹ ጥቅም የሚካድ አይደለም። «ሰነፍ» ወይም «አመለኛ» ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ተማሪ የተጨነቀ ሰው ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ። ይሁን እንጂ እንዳሉ ተተርጉመው ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ቢወሰዱ ሦስት ጉድለቶች ይታዩባቸዋል።

አንደኛ፣ የጭንቀቱ መጠይቅ እንግዳውን የሚለየው በድንበር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ የተመደቡ ተማሪዎችን ሲቀበል ቆይቷል። ከጎንደር ወይም ከሐረር ተነሥቶ፣ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሚዛን ተፈሪ የሚሄድ ወጣት ድንበር አይሻገርም፤ ነገር ግን ዝናቡ፣ ጫካው፣ የቡና ቅጠል አፍልቶ የመጠጣት ልማዱና በገበያ የሚሰማው ቋንቋ ሁሉ አዲስ ይሆንበታል። በአንጻሩ ቆጮና ጎደሬ በልቶ ያደገ የአካባቢው ልጅ ወደ ግቢው ሲገባ በገበታው እንጀራ፣ በክፍል እንግሊዝኛ፣ በመኝታ ቤት አማርኛ ይጠብቀዋል። በትውልድ ቀየው እንግዳ የሆነውን ይህን ተማሪ መጠይቁ ከነጭራሹ አያውቀውም።

ሁለተኛ፣ ትርጉሙ ያሳስታል። «ልዩ ሰው» የሚለውን አንዱ ፍቅረኛ፣ ሌላው ከሰው ጠባይ የወጣ ሰው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ናፍቆትም በአገር ልማድ የፍቅር ምልክት ነው፤ እናቱን የናፈቀ ሁሉ ሕመምተኛ ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የድጋፉ መለኪያ መጠንን እንጂ ዓይነትን አይመዝንም። ኮኸንና ዊልስ በ1985 እንዳስረዱት፣ ድጋፍ ጭንቀትን የሚያበርደው ከደረሰው ችግር ጋር ሲገጥም ነው። የአገር ልጅ ስንቅ ያካፍላል፤ የታመመውን ያስታምማል። ይኸው ትስስር ግን በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ሁከት በተነሣ ጊዜ ተማሪን ከተማሪ የሚለይ አጥር ሆኖ ታይቷል። በመጠይቁ ሁለቱም እኩል ነጥብ ያገኛሉ። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ያለው ግቢ ሰላማዊ ነው ብሎ የሚደመድም አስተዳደር ሊሳሳት ይችላል።

በመሆኑም መለኪያው ከመሠራጨቱ በፊት ጥያቄዎቹ ከአካባቢው ኑሮ ሊቀዱ ይገባል። «ታመህ ብትተኛ ምግብ የሚያመጣልህ ማን ነው? ቋንቋው ከቋንቋህ ይለያልን? ከከተማው ነዋሪ ቡና ጠጣ ብሎ የጠራህ አለን?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ከብዙ ነጥብ ይልቅ ያስረዳሉ። የበበቃና የቴፒ ቡና እርሻዎች ከሩቅ የመጡ ሠራተኞችን ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው። እንግዳን ማላመድ ለዚህ ምድር አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ይህን ሀብት የማይቆጥር መለኪያ ግን ተማሪውን ካለበት የባሰ ብቸኛ አድርጎ ያሳየዋል።