ተፍቆ የተጻፈ ዕለት

ሬዲዮ ላይ «ዛሬ በታሪክ» ሲነበብ የያዝኩትን ትቼ አዳምጣለሁ። በዚህች ቀን እገሌ ተወለደ፣ እገሊት አረፈች፣ መርከብ ሰጠመ፣ ውል ተፈረመ። ደስ ይላል። ግን የያዝኩት ቡና ሳይበርድ ሁሉም ከራሴ ብን ብሎ ይጠፋል። ክር ያልገባለት ጨሌ ነው፤ እፍኝ ይሞላል፣ አንገት ላይ አይውልም።

ቀንን ክር አድርጎ ሰውን መሰካት ምን ዓይነት እጅ እንደሚጠይቅ ማየት የፈለገ መጽሐፈ ስንክሳርን ይግለጥ። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ መሰብሰብ ማለት ነው። ከመስከረም 1 ይነሣል፣ ጳጉሜን ላይ ያበቃል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥራዝ ይከፈላል፤ አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። በየዕለቱ ያረፈው፣ የተሰየፈው፣ የተወለደው፣ ቅዳሴ ቤቱ የከበረለት ሁሉ በቀኑ ይጠራል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቃውንቱ እንደገና አቀኑት፤ የአገራችን ቅዱሳንም በየቀናቸው ገቡበት።

አንድ ጊዜ በአንድ የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ደጃፍ፣ የሰኔን ዝናብ ተጠልለን፣ አንድ መሪጌታ ሁለተኛውን ጥራዝ ጭናቸው ላይ ዘርግተው አሳይተውኛል። ከባድ ነው፤ የሚገለጠው በሁለት እጅ ነው። መጀመሪያ ዓይኔ የያዘው ፊደሉን አልነበረም፣ መስመሩን ነው። ቀለም የለውም። ጸሓፊው በወስፌ ጫፍ ጠርዙ ላይ ነጥብ ነጥብ እየወጋ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ብራናውን ተጭኖ አስምሮታል፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ብቻ እንደ እርሻ ትልም ይታያል። በዚያ ትልም ላይ ቁም ጽሕፈቱ ቆሟል፤ ጥቁሩ ወፍሮ፣ ዓምዱ ከዓምዱ ሳይነካካ። «በዛቲ ዕለት» የሚለው በቀይ ነው፣ የቅዱሳኑም ስም በቀይ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀዩን እየቆጠረ በዚያ ቀን ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል። መሪጌታው ገጹን በጣታቸው አልነኩትም፤ በጭራ እጀታ ነበር የሚያመለክቱኝ። ያሳዩኝ ቀን ሰኔ 12 ነበር። የሰኔ ሚካኤል።

ዕለቱ የሚከፈተው በእስክንድርያ ነው። ክሊዮፓትራ ዙሐል ለሚባለው ኮከብ ያሠራችው ቤተ ጣዖት ነበር፤ በዓሉም በዚህችው ቀን ይውላል። ሕዝቡ ከብት ያርድለታል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው እለእስክንድሮስ ይህን ሊያስቀር ቢነሣ፣ ከአንተ በፊት የነበሩት ያልነኩትን አንተ ማን ነህ ብለው ተቆጡ። ብልህ ሰው ነበር፤ በዓሉን አልሻረባቸውም። ቀኑ ይቆይ፣ እርዱም ይቆይ፣ ሥጋው ግን ለድሃ ይሁን፣ ስሙም የሚካኤል ይባል አላቸው። ተስማሙ። ጣዖቱ ተሰበረ፣ ቤቱም የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስንክሳሩ ይህን አለመደበቁ ሁሌ ይገርመኛል። የዕለቱ መሠረት ከየት እንደመጣ ፊት ለፊት ነግሮን ነው ወደ ሥራው የሚገባው።

ቀጥሎ ባሕራን ይመጣል። አንዲት ድሃ ሴት ምጥ ጠንቶባት ስትጨነቅ ሚካኤል ይደርስላታል፤ የሚወለደውም ልጅ የጎረቤቱን የጨካኙን ባለጸጋ ሀብት እንደሚወርስ ይናገራል። ባለጸጋው ይህን ሰምቶ ልጁን በገንዘብ ከእናቱ ይወስደዋል፣ በሣጥን ቆልፎም ከባሕር ይጥለዋል። ማዕበሉ ሣጥኑን ወደ ሩቅ ዳርቻ ያወጣዋል፣ እረኛ ያሳድገዋል፣ ከባሕር ወጥቷልና ባሕራን ይባላል። ከዓመታት በኋላ ያው ባለጸጋ በመንገድ መሽቶበት ከእረኛው ቤት ያድራል፤ የልጁን ነገር ሲጠይቅ ይነግሩታል፤ ይገባዋል። ጎረምሳውን ለአገልጋዩ የተጻፈ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ቤቱ ይልከዋል። ደብዳቤው አምጪውን ግደለው ይላል። አገልጋዩ እንዳይጠራጠርም በሁለቱ መካከል ብቻ የሚታወቀውን ምልክት አድርጎበታል።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የረቀቀው። በመንገድ ሚካኤል በወታደር አምሳል ይገናኘዋል፣ ደብዳቤውን ይቀበለዋል፣ የሞቱን ቃል አጥፍቶ ሴት ልጄን አጋባው ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ያው ነው። ምልክቱም ያው ነው። አገልጋዩ የጌታውን ምልክት አይቶ ሠርግ ይደግሳል፤ ባለጸጋው ሲመለስ ከሩቅ የሚሰማው የራሱን ቤት ዘፈን ነው። አሁን ወደ ገጹ ራስ ይመለሱ። እለእስክንድሮስ ያደረገው ይህንኑ አልነበረም? ቀኑ እንደ ምልክቱ ሳይነካ ቀረ፣ በውስጡ ያለው ቃል ተለወጠ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያኖረ እጅ ይህን አስቦበት ይሁን፣ ወይስ ቀኑ ራሱ አገጣጥሟቸው፣ ገጹ ምንም አይልም። «በዛቲ ዕለት» ብሎ ያልፋል።

አፎምያ ደግሞ ነገሩን ከተቃራኒው ወገን ታሳየናለች። ባሏ ጻድቅ ነበር፤ በየወሩ በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የእመቤታችንን፣ በ29 የጌታን ልደት እያሰበ ይመጸውታል። ሊሞት ሲል የሚካኤልን ሥዕል አሠርቶ እንዲሰጣት ለመነችው፣ አደረገላት። ከሞተም በኋላ ምጽዋቱን አላስታጎለችም። ሰይጣን መጀመሪያ በመነኩሲት መልክ መጥቶ ምጽዋቱን ትተሽ አግቢ አላት፤ አልሆነለትም። ቆይቶ በራሱ በሚካኤል አምሳል መጣ። ብርሃኑ፣ ክንፉ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው። እሷ ግን ቤቷ ያለውን ሥዕል ስታየው የኖረች ሴት ናት። መስቀልህ የታለ? አለችው። ከንጉሥ የተላከ ወታደር የንጉሡን ምልክት ሳይዝ ይመጣል ወይ? መልኩ ወዲያው ተለወጠ፤ አንቆ ሊገድላት ሲል እውነተኛው ሚካኤል ደረሰላት። በዚያው ዕለት ሥዕሉን ስማ አረፈች።

ይህችን ሴት እወዳታለሁ። ሐሰተኛውን የለየችው በራእይ አልነበረም፤ በየቀኑ አንድ ሥዕል አተኩራ በማየቷ ነው። ሠዓሊው አጠገቡ የሚያልፍ ሰው ልብ የማይለውን ትንሽ ነገር በትክክል ሠርቶት ነበር፤ እሷም ያን ትንሽ ነገር ታውቀዋለች። ስሙ ያልተጻፈው ያ ሠዓሊ ከዕለቱ ባለታሪኮች አንዱ ይመስለኛል። በባሕራን ታሪክ ምልክቱ እውነት ነው፣ ቃሉ ተለወጠ፤ እዚህ ቃሉ ያማረ ነው፣ ምልክቱ ጎደለ። ሁለቱም በአንድ ገጽ።

በዚሁ ቀን ሁለት የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳትም ያርፋሉ፤ 6ኛው ዮስጦስና 67ኛው ቄርሎስ። በመካከላቸው ወደ 1,000 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። በገጹ ላይ ግን ተከታትለው ተቀምጠዋል፤ ቃሉም ለሁለቱም ቁጥብ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ቦታ ላይ ጸሓፊው የተቻኮለ ይመስላል፣ እኔም አብሬው እቻኮላለሁ።

የተቻኮለበት ምክንያት ይታወቃል፤ ላሊበላ እየጠበቀው ነው። በዐረብኛው ያልነበረ፣ እዚህ አገር የተጨመረ ነው፤ ግን የተጣፈ አይመስልም። እናቱ ስትወልደው ንቦች ከበቡት፣ ስሙም ከዚያ መጣ። በቅናት መርዝ ተሰጠው፤ ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፣ እሱ ግን ጠጥቶ ወደ ሰማይ ተነጠቀ፣ ከአንድ ዐለት የሚፈለፈሉትንም አብያተ ክርስቲያናት አየ። ነግሦ ሲያሠራቸው ሰው ቀን ጠርቦ የተወው በሌሊት በመላእክት እጅ በዝቶ ያድር ነበር ይላል። መርዙ ጽዋ ውስጥ ነበር፤ ጽዋው ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ዐለቱም እዚያው ነበር፤ ማንም ምንም አልጨመረበትም፣ ጠራቢው ያደረገው ከላይ ወደ ታች መቀነስ ብቻ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቁልቁል ያየ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። የዚህ ንጉሥ ልደት ታኅሣሥ 29 ከጌታ ልደት ጋር ነው የሚውለው፤ ዕረፍቱ ደግሞ ከሚካኤል ጋር ሆነ። ቀን የቀናው ሰው ነው።

ከየታሪኩ በኋላ አርኬ አለ። አምስት ስንኝ፣ ሁሉም ቤት የሚመታው በአንድ ፊደል ነው፤ «ሰላም» ብሎ ይነሣና የሰውየውን ሕይወት ሙሉ በአምስት ስንኝ ይቋጥረዋል። ሰፊው ትረካ ከላይ ሲፈስ ይቆይና እዚህ ሲደርስ እንደ ጥለት ጠበብ ብሎ ይቋጫል። መሪጌታው ያነበቡልኝ በዜማ አልነበረም፤ ቢሆንም ድምፃቸው አርኬው ላይ ሲደርስ ራሱን ቀና ያደርግ ነበር። ስንክሳሩን በፈረንጅ አገር ማሳተም ሲጀመር ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢግናጽዮ ጉይዲ መጀመሪያ ያወጡት ወር ሰኔ ነበር። የታተመው ገጽ ንጹሕ ነው፣ ተነባቢ ነው። ቀዩ ቀለምና የወስፌው ትልም ግን የሉበትም።

ደግሞ ሌላ የጎደለ ነገር አለ። በብራናው ላይ በየታሪኩ መጨረሻ የቅዱሱ ጸሎትና በረከት ከእገሌ ጋር ይሁን ይላል፤ እገሌ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ነው። መሪጌታው በጭራ እጀታ ያሳዩኝ የመጨረሻ ነገር ይህ ቦታ ነው። ብራናው እዚያ ጋ ሳስቷል፣ ሻከር ብሏል፣ ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሏል። የፊተኛው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቋል፤ በላዩ በሌላ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ ሌላ ስም ተጽፏል። አዲሱ ስም ከፊተኛው ያጠረ ይመስላል፤ ቦታው አልሞላለትም። ጸሓፊው የተረፈችውን ክፍተት በሁለት ቀይ ነጥብ ዘግቷታል። ገጹን ገለጥ አድርገው ከጀርባው አሳዩኝ፤ በስሱ ብራና በኩል የዝናቡ ብርሃን ይገባል፣ የተፋቀው ስም የመጀመሪያ ፊደልም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይታያል።