አልታግራሲያ፦ በሐይቅ መካከል ባለች የእሳት ደሴት ላይ

በኒካራጓ ምድር፣ ኮሲቦልካ በተባለው ታላቅ ሐይቅ መካከል፣ 1,610 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንሴፕሲዮን እሳተ ገሞራና ጎረቤቱ ማዴራስ የተፉት የቀለጠ አለትና አመድ በቀጭን መሬት ተጋጥሞ የኦሜቴፔን ደሴት አስገኘ፤ ኮንሴፕሲዮን እስከ ዛሬ እሳቱ ባይበርድም፣ ገበሬው አመዱ ባዳበረው አፈር ላይ ሙዙን እየተከለ ይኖራል። ከደሴቲቱ ሁለት ማዘጋጃ ቤቶች አንዷ የሆነችውን አልታግራሲያን የማደንቃት ግን፣ ከተራሮቿ ግርማ ይልቅ፣ ሕዝቧ የአበውን ትውፊት ጠብቆ በማቆየቱ ነው። ወንጌል ሳይሰበክላቸው የኖሩ ጠቢባን የጠረቧቸው የድንጋይ ምስሎች በቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ቆመው ይታያሉ፤ በኅዳር ወር የቅዱስ ዲዬጎ በዓለ ንግሥ ሲከበርም፣ ምእመናኑ ለምለም ቅርንጫፍ ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ በከበሮ ምት እየተወዛወዙ፣ ቅጠል ቆርጦ የሚሸከመውን ጉንዳን አካሄድ በጭፈራ ያሳያሉ።