የእንሰት ችግኝ በጠርሙስ

አንዋር መስጊድ ሰፈር ድረስ ተጭኖ የሚመጣው ቆጮ መነሻው የገበሬው ጓሮ ነው። ስለዚህ እንሰትን በቲሹ ካልቸር ስለ ማራባት የሚጻፉ ጥናቶች በጥሞና ሊመረመሩ ይገባል። አንዳንዶቹ ከአንዲት የጫፍ ቡቃያ ስንት አዳዲስ ቡቃያ እንደ ወጣ ቆጥረው ያበቃሉ። በቁጥር ከሆነ ገበሬው ምን ጎደለው? የአሚቾውን እምብርት ፈንቅሎ ቢቀብረው በርካታ ችግኝ ይሰጠዋል። ያስቸገረውስ በአገራችን መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ የተገለጸው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በተክሉ ውስጥ ከተሸሸገ ላዩን በበረኪና ማጠብ አያጠፋውም። እንግዲህ እናቲቱ ተክል አስቀድማ ስለ መመርመሯ ያልገለጸ ጥናት፣ የቡቃያው ቁጥር የቱን ያህል ቢያምር፣ ንጹሕ ችግኝ አስገኘሁ ለማለት አይችልም። ንጹሑም ችግኝ ቢሆን በሽታውን የሚቋቋም ስላልሆነ፣ የተበከለ ቢላዋ ሲነካው ይታመማል፤ ይህም ከሠንጠረዡ ጎን መጻፍ ነበረበት።