ድዋርፍ ለምን አስማተኛ አይሆንም?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ጠረጴዛ ከባችሁ የራሳችሁን ምናባዊ ዓለም ልትፈጥሩ ነው እንበል። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችሁ ገጸ ባሕርይ ትይዛላችሁ፣ ሙከራችሁ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፦ ምን ምን ዘር፣ ምን ምን ሙያ ይኑር?

ብዙዎች መልሱን የሚቀዱት ከደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት ሦስት ሙያ ብቻ ነበረው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና የሃይማኖት ሰው። ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ሦስቱም የተለያየ ችግር ይፈታሉ። የተበላሸው ዘሩ ላይ ነው። ድዋርፍ ከተዋጊነት ሌላ ሙያ አይፈቀድለትም፣ ከ6ኛ ደረጃም አያልፍም።

ክልከላው በ2000 ተነሣ። በ2014 እትም 9 ዘርና 12 ሙያ ስላለ 108 ጥምረት ይገኛል። ደስ ይላል አይደል? እስቲ እናስላው። ኖም የተባለው ዘር ሲወለድ ጀምሮ አእምሮው ላይ 2 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ሃፍ ኦርክ ግን ጭማሪው ጉልበቱ ላይ ነው። 2 ነጥብ ማለት 20 ፊት ባለው ዳይስ ላይ 1 ተጨማሪ ቁጥር ነው። 11 ወይም ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ የ50 በመቶ ዕድል 55 ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየውርወራው ይደጋገማል። ስለዚህ ማሸነፍ የሚፈልግ ተጫዋች ሃፍ ኦርክ አስማተኛን አይነካም። ሕጉ ሳይከለክል ቁጥሩ ከለከለ።

አቃቂ ቃሊቲ ሆኜ ሳስበው ይህ ተራ የጨዋታ ሕግ አይመስለኝም። ሰፈራችን በብረትና በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሚታወቅ ነው። በአገራችን ግን ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ይባሉ ነበር፤ ሙያውም ስድቡም ለልጅ ይወረሳል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። «እንዲህ የተወለደ ለዚህ ሙያ ነው» የሚለውን ሕግ እኛ በጨዋታ አልተማርነውም።

በ2024 የወጣው እትም «ዘር» የሚለውን ቃል ትቶ ነጥቡን ገጸ ባሕርዩ ወዳሳለፈው ሕይወት አዛውሮታል። ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ 50 ዓመት መፍጀቱ ነው የሚገርመው።

እናንተ ግን ከዚያ መጀመር ትችላላችሁ። ትውልዱ መልክ፣ ቋንቋና ታሪክ ይስጥ፤ ችሎታውን ሙያና ልምምድ ይስጡት። ሙያ ስትመርጡ ደግሞ አንዱን አውጥታችሁ ፈትኑ፦ እሱ ሳይኖር ቡድኑ የማይፈታው ችግር አለ? ከሌለ መሠረታዊ አይደለም፣ ይቅር። ለ4 ተጫዋች 4 ሙያ ይበቃል። ከአራቱ አንዱ ብረት ቀጥቃጭ ቢሆን፣ ማንም ተወልዶ ማንም ሊይዘው ይቻል።